የእንግዳ ምክር ሕግ ሲሆን

ሐርጌሳ፣ ማክሰኞ፣ ጥር 12

የወንድሜ ልጅ ሙስጠፋ ዛሬ በሽማግሌዎች ፊት አዋረደኝ።

ጠበቃ ነው። የዓለም አቀፉን ፍርድ ቤት የምክር አስተያየት በእኛ ዳኞች ላይ አስገዳጅ የሚያደርግ ረቂቅ ሕግ ይዞ፣ ድጋፋችንን ፈልጎ ሽማግሌዎች ወደምንሰበሰብበት ወደ አሕመድ ዳጋህ ሰፈር መጣ። እኔ ብቻ ተቃወምኩ።

«በወጋችን እንግዳ ሽማግሌ ይመክራል እንጂ አይፈርድም» አልኩ። «የዛሬው ምክር ጣመንና ሕግ አደረግነው እንበል። አገርነታችንን ዓለም ገና አላወቀልንም፤ ነገ እነዚያው ዳኞች ‹እናንተ አገር አይደላችሁም› ብለው ቢመክሩስ? በገዛ ሕጋችን ልንታሰር ነው?»

«አዴር፣ እርስዎ እኮ ሕግ የተማሩት ጅግጅጋ ሻይ ቤት ነው» አለኝ። አዴር፣ አጎቴ፣ እያለ እንዲህ ይዘልፈኛል። «ዓለም እንዲሰማን እኛም ዓለምን እንስማ።»

ሳቁ። ከእኔ ጋር ያረጁት ሰዎች ሳቁ። ከዚያ የፋቲሓ ጸሎት ተደርጎ ረቂቁ ተደገፈ። ጥያቄዬን የመለሰልኝ የለም።

ከመግሪብ ሶላት በኋላ ሙስጠፋ ደወለ። «አዴር፣ ተቀየሙኝ እንዴ?»

«ልጆቹ ደህና ናቸው?» አልኩት። «ደህና ናቸው፣ አልሐምዱሊላህ» አለ። ስልኩን ዘጋሁ።

ደክሞኛል። እሱም ይቅርታ ቢጠይቅ፣ ሕጉም አንድ ቀን እጃችንን ቢያስር፣ ስለዚህ ነገር ከእንግዲህ ከአፌ ቃል አይወጣም።