የጌዲዮን አርባኛ ቀን

ራንድል፣ ካልጋሪ፣ ካናዳ

ይድረስ ለእናቴ፤

እማዬ፣ እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ? እኛ እግዜር ይመስገን ደህና ነን፣ ደህና ከተባለ። ጌዲዮን ሁለት ጥርስ አብቅሏል። ይህን የሚያመጡልሽ እትዬ ገበያነሽ ናቸው። ያኔ አንቺንና ልጄን በመኪናቸው ቤተ ክርስቲያን ያደረሱት እሳቸው ስለሆኑ ገና በደንብ አልታረቅኋቸውም።

ስድስት ወር ዝም ያልኩሽ ተናድጄ ነው። አሁንም አልበረደልኝም። እኔና ሩቤን ስንጋባ ልጁ አድጎ ራሱ እስኪመርጥ እኔም ቤተ ክርስቲያን፣ እሱም ምኩራብ ላንወስደው ተስማምተን ነበር። በስምንተኛው ቀን ሲገረዝ ብቻ ሁላችሁም ደስ አላችሁ። አንቺ «የእኛ ወግ ነው» አልሽ፣ የሩቤን አባትም «የእኛ ነው» አሉ፤ በቋንቋ ሳትግባቡ ተቃቅፋችሁ አለቀሳችሁ። ምነው ነገሩ በዚያው ባበቃ!

አርባ ቀን ሲሞላው ግን ቄሱን «እናቱ ታማለች» ብለሽ ዋሽተሽ አስጠመቅሽው። ሩቤን ሲያጥበው አንገቱ ላይ ማተቡን አገኘ። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። «አንቺ ምን ታደርጊ» ብሎ እኔኑ አባበለኝ። ከዚያ አንቺ ቤታችን ሁለተኛ እንዳትገቢ ብሎ ትኬትሽን ራሱ ቀየረው። እናቱ ደግሞ «በእኛ ሕግ ልጅ የሚቆጠረው በእናቱ ነው፤ ድሮስ መቼ የእኛ ነበረ?» አሉ። ልጄን ከሁለት ያጣ ጎመን አደረጋችሁት!

አሁን ደግሞ እትዬ ገበያነሽ ምን አሉኝ? «ቤቱ ጭር አለልኝ፣ ነጠላው እንኳ የልጁ ቦርሳ ውስጥ ታጥፎ ጠበቀኝ፤ መላእክት ረዱኝ» እያልሽ ታወሪያለሽ አሉ። የምን መላእክት! ያን አርባው የሞላበትን እሁድ ሩቤንን «አልጋ እንግዛለት» ብዬ ጎትቼ አወጣሁት። ሰንሪጅ የገበያ አዳራሽ ሱቁ ሳይከፈት ደርሰን ፓርክ አድርገን አርባ ደቂቃ ጠበቅን። እሱ «ምን አጣደፈሽ?» ይለኛል። ለመሆኑ ለሁለት ሰዓት ሦስት ጡጦ ወተት ትቶ የሚወጣ ማን አለ? ይህንን እንኳ አላሰብሽም?

ሩቤን እስከ ዛሬ የሚወቅሰው አንቺን ነው። እኔም አብሬው እወቅስሻለሁ።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ክርስትና ስሙን አላውቀውም። የገዛ ልጄን! እትዬ ገበያነሽን እንድጠይቅ ኩራቴ አልፈቀደም። ሲመለሱ በብጣሽ ወረቀት ጽፈሽ ላኪልኝ። በስልክ እንዳትልኪው፣ ስልኬን ሩቤንም ይከፍተዋል።

ጉልበትሽን ያጽናልኝ፤ እኔን ይቅር የምትዪበትን ዕድሜም ይስጥልኝ።

ያስወቀሰችሽ ልጅሽ