ምትኩ በፍልሰታ

ሐምሌ 27
ዝናብ። ፒያሳ ስደርስ ጫማዬ ውሃ በውሃ። ከአንድ ወርቅ ቤት በላይ ያለችው የስልክ ጌም የሚሠሩባት ቢሮ... ጥቂት ኮምፒውተርና የሚያንጠባጥብ ጣሪያ። ደስ አለችኝ! ከተመረቅኩ ወዲህ እንዲህ የጓጓሁለት ቦታ የለም። ለአንድ ሥራ ሁለት ሰው ቀርተናል፤ እኔና የሲን የሚባል ልጅ።
አለቃው ቃለጽድቅ ሁለት ጌም ሰጠን። አንዱ ድመት ማሳደግ ነው፤ ታበያለሽ፣ ታጥቢያለሽ፣ ታስተኚያለሽ። ሌላው ሰይፍ ይዞ ዋሻ ለዋሻ መውረድ። "ነሐሴ 17 መጥታችሁ የቱ እንደሚበልጥ ትነግሩኛላችሁ" አለ። "ድመቱን በሕይወት ይዛችሁ። የሞተበት ሰው ባይመጣ ይሻላል።" እየሳቀ... ግን የምሩን ነው።

ሐምሌ 29
ዋሻው! የሠራው ሰው እጁ ይባረክ። በገባሁ ቁጥር ክፍሎቹ ይለዋወጣሉ። ትናንት ያወቅኩት መንገድ ዛሬ የለም። ስትሞቺ ሰይፉም ወርቁም ይቀራል፤ የሚተርፍሽ የተማርሽው ብቻ ነው። ሥራ ፍለጋም እንደዚህ ቢሆን... ነው እንዴ?
ድመቱን ረስቼው ዋልኩ። ሳየው እያለቀሰ ነው። በዚህ አያያዜ ይሞትብኛል።

ሐምሌ 30
መላ ተገኘ። ድመቱ ያለበትን አሮጌ ስልኬን ለእትዬ ሙሉነሽ ሰጠኋቸው። እዚሁ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ግድግዳ የምንጋራቸው፣ እማዬ ሥራ ስትውል ያሳደጉኝ። የራሳቸው ድመት ሰኔ ላይ ወጥቶ ቀርቷል።
"ስሙ ማነው?"
"ስም የለውም፣ እትዬ።"
"በይ ምትኩ ይባል።" ወዲያው ማጠብ ጀመሩ። "እዩት ሲንጠራራ፣ ባለጌ!"

ነሐሴ 2
ዋሻው ውስጥ በጣም ወረድኩ። እትዬ መነጽራቸውን አድርገው አዩልኝ።
"ይሄ ሁሉ ክፍል የማን ነው?"
"የማንም። አውሬ ብቻ ነው ያለው።"
"ታዲያ ሳትጠሪ ምን ልትሠሪ ገባሽ?"
ሳቅኩ። ግን እውነት፣ ምን ልሠራ? በር ስላለ። ከበሩ ጀርባ ያለውን ለማየት። ለእኔ ይበቃኛል።

ነሐሴ 5
ጉድ ፈላ! ምትኩ አመድ መስሏል። ዓይኑን አይገልጥም።
"እትዬ፣ አላበሉትም እንዴ?"
"አበላለሁ እንጂ! ከቅዳሴ መልስ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ። ካሮት።"
"ካሮት ብቻ?"
"ወተትና ሥጋ ላብላው? በፍልሰታ? ሕፃን እንኳ ይጾማል!"
"ድመት ነው እኮ፣ እትዬ!"
"እኔ ቤት ነው ያለው።"
ምን ይባላል? በረመዳን እኔ ፊት ውሃ እንኳ ጠጥተው አያውቁም። ስልኩን ነጥቄ ወተት ልስጠው አልኩና እጄ እምቢ አለኝ። ከሞተ ግን... ሥራውም አብሮ ሞተ።

ነሐሴ 6
ዋሻው ውስጥ ደጋግሜ ሞትኩ። ምንም አልመሰለኝም፤ "እንደገና ጀምር" የሚለውን መንካት ነው። ለምትኩ እንዲህ ያለ ቁልፍ ፈለግኩ። የለም። የሠራው ሰው አውቆ ነው የተወው... ምን ዓይነት ልብ ቢኖረው ነው?

ነሐሴ 7
ማለዳ በሩ ተንኳኳ። እትዬ ናቸው፤ ነጠላቸውን እንዳጣፉ፣ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው። የንስሐ አባታቸውን፣ አባ ገብረክርስቶስን፣ ጠይቀው መምጣታቸው ነው።
"ምን አሉ?"
"የታመመ አይጾምም አሉኛ!"
"ድመት መሆኑን ነግረዋቸዋል?"
"ቤቴ ያለው ምትኩ ታሟል አልኩ። ምኑ ነው ውሸቱ?"
ወተቱን በእጃቸው ሰጡት። ጠጣ። ደገመ። አንድ ዓይኑን ገለጠ... እትዬ እልልታቸውን ለቀቁት! እማዬ "ማን ወለደ?" ብላ ወጣች።

ነሐሴ 17
የሲን ቀድሞኛል። ድመቱ ድብልብል ያለ፣ ፀጉሩ የሚያብረቀርቅ። የእኔን ቃለጽድቅ አየውና "ከሲታ ነው" አለ።
"ጾሞ ነው" አልኩ። ሌላ ምን ልበል? የሆነውን ሁሉ ነገርኩት፤ እስከ ንስሐ አባት። ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ቃለጽድቅ ወደ እኔ ዞረ።
"እሺ፣ የቱ ይበልጣል?"
ያዘጋጀሁት ንግግር ጥፍት! "ዋሻው ውስጥ ደፋር ነኝ" አልኩ፣ "ብሞት የሚጎዳ የለማ። ለምትኩ ግን... እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ሁለቱም ያስደንቁኛል። የሚራብ ነገር አቅፌ ዋሻ ብገባስ? እያንዳንዱን በር ከመክፈቴ በፊት ቆሜ አላዳምጥም?"
 ቃለጽድቅ እስክሪብቶ አንስቶ መሳል ጀመረ። አበቃልኝ ብዬ ደረጃውን ስወርድ ከላይ ተጣራ።
"ኢልሀም! ሰኞ ሁለት ሰዓት። ስልኩንም ይዘሽ ነይ።"

ነሐሴ 21፣ ሰኞ
የመጀመሪያ የሥራ ቀን! ስልኩን አልያዝኩም። "የታለ?" ሲለኝ "ባለቤቱ ጋ" አልኩ። ቀኑን ሙሉ ዋሻ ስንስል ዋልን፤ ድመት ያቀፈች አንዲት ሴት የምትወርድበት።
ማታ ደጃችን ስደርስ የእኔን ዋሻ ከፈትኩ። የመጨረሻው በር ላይ ደርሻለሁ፤ ከጀርባው ትልቁ አውሬ አለ። ልከፍተው ስል እትዬ በመስኮታቸው ብቅ አሉ።
"ኢሉ! ቀስ ብለሽ ግቢ፣ ምትኩ አሁን ነው የተኛው።"
ስልኬን አጠፋሁ። አውሬው ይቆይ። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ።