የፈንቴ ልጅ በእኔ ጡት

ጥቅምት 4 ቀን 1974
የመሠረተ ትምህርቷ አስተማሪ «በየጊዜው ትንሽ ጻፉ፣ እጃችሁ እንዳይረሳ» ብላናለች። እሺ… ምን ልጻፍ? ሰሊጡ ታጭዷል፤ ነዶው በየሂላው፣ በየክምሩ ቆሞ እየደረቀ ነው። ለአጫጆቹ ምሳ ላክሁ።

አማቴ እትየ ውባንች ዛሬም በአጥሩ ሽንቁር ሹልክ ብለው ገቡ። በበር መግባት ለእንግዳ ነው መሰለኝ! ድስቴን ከፍተው ቀመሱ። «ይኸን ነው ልጀ የሚበላው?» ቀጥለው መስከረምን ከጀርባዬ አውርደው አገላበጧት። «ከስታለች። ጡትሽ ውኃ ነው።» የአምስት ወር ልጅ፣ እንደ ቅል ድብልብል ያለች! መልሼ አዘልኋት። ዝም ማለት ለምዶብኛል።

ሲወጡ የዋሴን ሸሚዝ አጥሩ ላይ አሰጡት። ዋሴ የባለቤቴ የደሞዝ ታናሽ ወንድም ነበር። አምና በማሳ ወሰን ተጣልተው የማሳ ጎረቤታችን ፈንቴ በጥይት ገደለውና ሱዳን ገባ። ሸሚዙን አላጠቡትም፤ ደሙ ደርቆበት ጠቁሯል። ደሞዝ ሲወጣ ሲገባ እንዲያየው ነው።

ጥቅምት 7
እትየ ውባንች በምሳ ሰዓት መጡ። ሠራተኞቹ ሁሉ እያዩ መቀነታቸውን ፈተው ደሞዝ ፊት ገበታው ላይ ጣሉት። «ታጠቀው! የወንድምህን ደም ውጠህ የተቀመጥህ ሴት!»

ደሞዝ መቀነቱን ወደ ጎን ገፋ አደረገው። ሠራተኞቹ ሲሄዱ ግን የእጅ ውኃ ዘገየብኝ ብሎ በጥፊ አጮለኝ። ስወድቅ በእርግጫ ደገመኝ። እናቱን መምታት አይችልም፤ እኔን ይችላል። እሳቸው በሽንቁሩ እያዩ ነበር። «እሰይ፣ ለካ እጅ አለው» አሉ።

ጥቅምት 11
የፈንቴ ሚስት ጥሩአየሁ አራስ ቤት ሳለች በንዳድ ሞተች። እትየ ውባንች እልል አሉ። ለአራስ ሞት እልልታ! «አሁን ይመጣል። ሚስቱን ሊቀብር ይመጣል።»

መጣም። ደሞዝ ምንሽሩን ሲወለውል ዋለ። ለማን ይነገራል? የገበሬ ማኅበሩ ታጣቂ በሙሉ ወንበዴ አሰሳ ወጥቷል። ደሞዝ ፈንቴን ይገድላል። የተወለደው ደግሞ ወንድ ነው፤ አድጎ ደሞዝን ይገድላል። ከዚያስ? የእኔ ልጆች ተራ ነው። መቼ ነው የሚያበቃው?

ጥቅምት 12
ውኃ ልቀዳ ወርጄ የፈንቴ ልጅ ሲያለቅስ ሰማሁ። የፍየል ወተት በጨርቅ ያጠቡታል፤ ያስመልሰዋል አሉ። ሳላስበው ጡቴ ፈሶ ቀሚሴ ራሰ። እዚያው ቆሜ ወሰንሁ።

በእኛ አገር ያጠባሽው ልጅሽ ነው። የጠባበት ቤትና የተወለደበት ቤት ደም አይፋሰሱም። ግን ሰው ማየት አለበት። እንስራዬን ጥዬ በገበያተኛው መሐል፣ ሰው ሁሉ እያየኝ ሄድሁ።

የፈንቴ እናት እትየ አየሁሽ ደጅ ነበሩ። ሲያዩኝ ድንጋይ አነሱ።
«የውባንች ምራት! ምን ልትሠሪ መጣሽ?»
«ልጁን ይስጡኝ» ብዬ ጡቴን አወጣሁ።
ድንጋዩ ከእጃቸው ወደቀ።

እንዴት አድርጎ ያዘኝ! ያመኝ ነበር። ፈንቴ ከጎጆው ወጣ፤ ጠመንጃውን መሬት ላይ አጋድሞ እግሬን ሳመ። ፊቱን ማየት አልቻልሁም። ዋሴን እወደው ነበር እኮ…

ጥቅምት 13
እጄ አብጧል፤ ፊደሉ ይንጋደድብኛል። ይሁን፣ እጽፈዋለሁ።

ትናንት ማታ እትየ ውባንች ፍልጥ ይዘው መጡ። «ዋሴን በጡትሽ ሸጥሽው!» ክንዴን፣ ትከሻዬን፣ ራሴን… ሲደክማቸው ደሞዝ በጅራፍ ቀጠለ። ጥርሴን ተፋሁ። ይገድለኛል ብዬ ነበር። ጎረቤት ደርሶ ያዘው።

ዛሬ ሽማግሎች መጡ። «በቃ ደሞዝ። ሚስትህ ያጠባችው ልጅህ ነው። የልጅህን አባት አትገድልም።» መስቀል መትቶ ማለ። እኔ በዚያ ባበጠ አፌ ሳቅሁ። አሸነፍሁ! ለካ እንዲህ ደስ ይላል።

ጥቅምት 19
እየሄድሁ አጠባዋለሁ። ደሞዝ አያናግረኝም፤ አይመታኝምም። እትየ ውባንች እህል አልቀምስም ብለው ተኝተዋል።

ጥቅምት 24
ገደለው።

ፈንቴ ሰሊጥ እያራገፈ ነበር። ደሞዝ ሰላም ብሎ ቀረበው። ፈንቴም «እንዴት ዋልህ» ብሎ ነዶውን እንደታቀፈ ዞረ… ከደረቱ ላይ ተኮሰበት። ሰሊጡና ደሙ ሸራው ላይ አንድ ላይ ፈሰሰ አሉ።

ተኩሱን ስሰማ ልጁ ጡቴ ላይ ነበር። ክው ብሎ ደነገጠ፤ ከዚያ መጥባቱን ቀጠለ።

ትናንት እትየ ውባንች ደሞዝ እግር ላይ ወድቀው «ፈንቴ ቆሞ እየሄደ እኔ እህል አልቀምስም፤ ቅበረኝ» ብለውት ነበር። መሐላው ለእናት እንባ አልበቃም። ደሞዝ ሱዳን፣ ጋላባት ተሻግሯል። እሳቸው ተነሥተው በሉ። ከእኔው ድስት ጨልፈው በሉ!

ኅዳር 2
እትየ አየሁሽ ዘንድ ሄድሁ። ይደበድቡኛል ብዬ ነበር። ልጁን በጨርቅ ጠቅልለው አስታቀፉኝ።
«ውሰጅው።»
«እርስዎስ? ከፈንቴ የቀረዎት እሱ ነው…»
«ከእኔ ጋር ካደገ አባትህን የገደለው ደሞዝ ነው እያልሁ አሳድገዋለሁ። ዛሬ አልነግረውም ብልሽ ነገ እነግረዋለሁ። ራሴን አውቃለሁ። ውሰጅው ልጀ፣ ሳልጸጸት።»
መንገዱን ሙሉ አለቀስሁ። እናት እንዲህም አለች ለካ።

ኅዳር 9
ከጋላባት ሸቀጥ የሚያመላልሰው ነጋዴ ሙሐመድጣሂር አህያውን ደጄ አቆመ። ልጁን እያጠባሁ ነበር።
«ደሞዝ ልኮኝ ነው። ደም በደም ተመልሷል፣ አገር ናፍቆኛል፣ ልምጣ ወይ ይልሻል።»

እትየ ውባንች ሰምተው ኖሮ ነጠላቸው እየወደቀ ሮጠው መጡ። «ይምጣ በለው! ልጀ ይምጣ!» የቀራቸው እሱ ብቻ ነው። ልቤ አልራራም አልልም። ባሌም ነው፤ የመስከረም አባት ነው።

ግን ሰው ከደመኛው ጋር ከአንድ ገበታ አይቆርስም። ከአንድ ጣራ ሥርም አያድርም። ይኸን ሕግ እትየ ውባንች ራሳቸው ያውቁታል።

«አይምጣ በለው» አልሁ። «የዚህ ልጅ አባት ደም አለበት። ልጄን ከደመኛው ጋር አላበላም።»

ሙሐመድጣሂር እኔን አየ፤ እሳቸውን አየ። እትየ ውባንች መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

«እባክሽ» አሉኝ።

ልጁን ወደ ሌላው ጡቴ አዞርሁት።