ለተረፈ ያነበብኩለት ወረቀት

ቡታጅራ፣ ጥቅምት 24 ቀን 1930 ዓ.ም.

ለእህቴ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ልጆቹስ ደህና ናቸው? ሐዘኑ እንዴት አደረገሽ ብዬ ለመጠየቅ አፍራለሁ። እኔ እግሬ ካበጠ ወር ሆነው፤ ጋደም ስል ትንፋሽ ስለሚያጥረኝ ግድግዳ ተደግፌ ነው የምተኛው። እንድታዝኚልኝ ብዬ አይደለም።

ልጅሽ ደበሌ የአባቱ አርባ ሲወጣ መጥቶ ባለሱቁን አዳነን ሊገድል መዛቱን ሙስተፋ ነጋዴው ነገረኝ። አዳነ በጣሊያን ታዞ ባልሽን ተረፈን በመጠጥ መረዘው ተብሎ በለቅሶው ሲወራ እኔም ሰምቼ ዝም አልኩ። ውሸት ነው።

ሐኪሙ የባልሽ ልብ በአረቄ ብዛት ማበጡን ሲነግረው አብሬው ነበርኩ። የነፍስ አባታችሁ ለመድኃኒት ካልሆነ በቀር መጠጥ እንዳይቀምስ ገዘቱት። አንቺም እንድጠብቀው ወደ እኔ ላክሽው። አምስት ወር ጠበቅሁት፤ ገበያ ደርሶ መመለስ ጀምሮ ነበር።

በመስቀል ክትፎ በልተን ሆዴን ነፋኝ አለ። አዳነ ሱቅ ይዤው ሄጄ አንድ ጥቁር፣ መራራ የጣሊያን መጠጥ ገዛሁ። ተረፈ ጠርሙሱን እያገላበጠ፣ “ጋሼ፣ ወረቀቱ ምን ይላል?” አለኝ።

“የሆድ መድኃኒት” አልኩት።

“ባሕር ማዶ የተማሩት ዛሬ ገና ለእኔ ጠቀመ!” ብሎ ሳቀ።

አዳነ፣ “ጌታዬ፣ ይኼ እኮ ከአረቄ ይብሳል፤ ለታመመ ሰው አይሆንም” አለ። “አንተ ማንበብ ትችላለህ?” ብዬ በሰው ፊት አዋረድኩት። ወረቀቱ ላይ ስለ ሆድ አንድም ቃል አልነበረም።

ሰካራም ስሰድብ የኖርኩት እኔ ራሴ ከየካቲቱ እልቂት ሸሽቼ ከመጣሁ ወዲህ በሬን ዘግቼ እጠጣ ነበር። ብቻዬን መጠጣት ሰለቸኝ፤ ጓደኛ ፈለግሁ። ስምንት ቀን አብረን ጠጣን። በስምንተኛው ቀን ደረቱን ይዞ ወደቀ።

እህቴ፣ ይህን የሚያነብልሽ ደበሌ ራሱ መሆኑን አውቃለሁ። ደበሌ፣ ፊደል ያስቆጠርኩህ እኔ ነኝ፤ ለእናትህ ጮክ ብለህ አንብብላት፤ አንድ ቃል አትዝለል። አዳነ ሊያስጥለው ሞከረ እንጂ አልገደለውም። የእኔን ቤት ታውቀዋለህ። በሩ አይቆለፍም።

እግዚአብሔር ያጽናችሁ፤ የተረፈንም ነፍስ በደጋጎቹ አጠገብ ያሳርፍልን።

እንዲህ ብዬ መፈረም ካልከለከልሽኝ፣

ወንድምሽ