በርበሬው ደርሶሃል፣ መቅኔውስ?

ለወንድሜ ለመኩሪያ፣

እንደምን ሰነበትክ? ባለቤትህ ሲናስ ደህና ናት? ሕፃኑ ክርስቲያን ጥርስ አበቀለ? የፍራንክፈርት ብርድ እንዴት አደረጋችሁ? እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። ንዴቴን ግን መደበቅ አልቻልኩም። ታላቅ እህትህ ነኝና ተቆጥቼ ብጽፍ አትቀየመኝ፤ ብትቀየመኝም ግድ የለኝም።

ደብዳቤህ ትናንት ደረሰኝ። አብሮ አደጋችን ገበያነሽ ያመጣችልህ በርበሬ እንደ ድሮው እንደሚጣፍጥ፣ ሽሮው ግን እንዳነሰህ ጽፈሃል። አብሮት ስለላክንልህ ትንሽ ሳጥን መጨረሻ ላይ አንድ መስመር ብቻ፤ «ቤት ስንቀይር የት እንደገባ እንጃ» ትላለህ።

መኩሪያ፣ እንጃ የምትለው የእማዬን መቅኔ ነው!

ገላዋ ላይ ያለው ቡናማ ነጠብጣብ ሲታከክ እንደሚያብጥ፣ አምና ንብ ነድፏት ራሷን ስታ እንደወደቀች ታውቃለህ። ሐኪሙ ማስት ሴል የሚባሉት ሕዋሳት ከልክ በላይ በዝተውባት እንደሆነ ጠርጥሮ፣ እርግጡ የሚታወቀው መቅኔዋ ሲመረመር ነው አለ። ከዳሌ አጥንቷ በወፍራም መርፌ ሲቀዱ እጇን የያዝኩት እኔ ነኝ። ጥፍሯ መዳፌን በሳው እንጂ ትንፍሽ አላለችም። ናሙናው የሚመረመርበት ማቅለሚያ እዚህ የለም ሲባል የዚያን አገር ላቦራቶሪ አድራሻ አጽፌ፣ በደረሰህ ቀን አድርስ ብዬ ላክሁልህ። ይኸው አምስት ወር!

ደብዳቤህን ሳነብላት እማዬ የደበቀችኝን ነገረችኝ። ለካ ለገበያነሽ በጆሮዋ «ልጄ ሥራ ይበዛበታል፤ ሲመቸው ያድርሰው በይልኝ» ብላት ኖሯል። በእሷም ተናደድኩ። አንተ ግን ሁለታችንንም ሰምተህ የቀለለህን መረጥክ።

ጎረቤታችን ጋሽ ጉርሜሳ ከአጥራችን ሥር የነበሩትን የንብ ቀፎዎች ነቅለው ላፍቶ እርሻቸው ድረስ ወሰዱላት። ማርም ቀነሰባቸው። ያልወለደቻቸው ሰው እንዲህ አሰቡላት።

ሐኪሙ ውጤቱን ሳያይ መድኃኒት አላዝም ስላለ ማክሰኞ እንደገና ትወጋለች። ይህን እንዳልነግርህ ለምናኛለች፤ የፊተኛውም መርፌ አላመማትም በይው ብላኛለች። አሟታል። አዲሱን ናሙና ሐኪሙ ራሱ በሚያውቀው ሰው ይልከዋል፤ በአንተ እጅ አያልፍም።

ለሲና ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ እሷ ላይ ቂም የለኝም። ክርስቲያንን ጉንጩን ሳምልኝ። ጋሽ ጉርሜሳም ሰላም ብለውሃል። የእማዬን ሰላምታ ከአፏ ሰምቼ እንዳልጽፍልህ አሁን ቤት የለችም። ከመርፌው በኋላ ቀናት እንደምትተኛ ስለምታውቅ፣ ልጄ ሽሮ አንሶታል ብላ ከማክሰኞ በፊት ልታስፈጭልህ ወፍጮ ቤት ሄዳለች።

እህትህ ትሩፋት
መካኒሳ፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 14 ቀን 1989 ዓ.ም.