ተቀምጣ የቀረችው ልጄ

እጅግ ለተከበሩት የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር፤

ጤናዎ እንደ መዝገብዎ የተስተካከለ፣ እንቅልፍዎ እንደ በርዎ ጥርቅም ያለ ይሁን እያልኩ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ እጅ እነሣለሁ። እኔ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር በአንዲት ጠረጴዛና በአንድ የጽሕፈት መኪና ለሰው ማመልከቻ እየጻፍኩ የማድር፣ በእርስዎ ዘንድ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ የነበረች የአንዲት ልጅ አባት ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለተበደለ ሁሉ «ክቡር ሆይ» ስል ኖሬ ለራሴ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ ስለዚህ ቃሌ ቢሰናከል ከድፍረት ሳይሆን ከልምድ ማጣት ይቁጠሩልኝ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ዓመቱ ሲጀመር ወላጆችን ሰብስበው ደንቡን ስላነበቡልን አመሰግናለሁ። በሩ ልክ በሁለት ሰዓት እንደሚዘጋ፣ በሥርዓት ጉድለት የተቀጣ ተማሪ ከወላጁ ጋር ከበሩ ውጭ ባለው አግዳሚ ላይ ግማሽ ሰዓት ተቀምጦ «እንደሚያስብ»፣ ክብ ማህተም የሌለው የሕመም ወረቀት ተቀባይነት እንደሌለው፣ በዓመት ከአሥራ አምስት ቀን በላይ ያለ ፈቃድ የቀረ ደግሞ ውጤቱ ምንም ይሁን ምን ክፍል እንደሚደግም ነገሩን። ከሁሉ ቀድሜ ያጨበጨብኩት እኔ ነበርኩ። ከኋላዬ የተቀመጠች አንዲት እናት ልጅ ከምሩ ቢታመምስ ብላ ስትጠይቅ እርስዎ ሳቁ፤ እኔም አብሬዎት ሳቅሁ። ያቺን ሴት ዛሬ መንገድ ላይ ሳገኛት የምገባበት ጉድጓድ እፈልጋለሁ።

ሁለተኛ፦ አንድ ሰኞ ጠዋት ልጄ ጉንጯ አብጦ፣ ገላዋ እንደ እሳት እየነደደ ተነሣች። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ነርሷ ከጆሮዋ ሥር ዳበስ አድርጋ ጆሮ ደግፍ ነው አለች፤ ተላላፊ ስለሆነ ዘጠኝ ቀን ከቤት እንዳትወጣ ጽፋ ማህተም መታችበት። ክቡርነትዎ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥተው፣ ከፊትም ከኋላም መርምረው፣ ማህተሙ ባለ አራት ማዕዘን መሆኑን ደረሱበት። ጤና ጣቢያው ክብ ማህተም እንደሌለው፣ ክቡን ለማግኘት ዋናው ሆስፒታል ሄዶ ቀናት ወረፋ መጠበቅ እንደሚያስፈልግ ሳስረዳዎት፣ እንግዲያው እስከዚያ ልጅቷ ክፍል ትግባ ሲሉ ወሰኑ። ይህ ከተሰማ ወዲህ ተማሪዎችዎ «ክቡር» ከሚለው ላይ የመጨረሻዋን ፊደል ቆርጠው «ክቡ» ይሉዎታል፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ምናልባት አልደረሰዎት ይሆናል።

እዚህ ላይ እርስዎን ብቻ መውቀስ ግፍ ይሆንብኛል። ይዣት ወደ ቤት መመለስ እችል ነበር። እጇ በእጄ ውስጥ ነበር፤ ትኩሳቷ መዳፌን ይፈጀኝ ነበር። ግን እኔ ዕድሜዬን ከማህተም ሥር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ማህተም የያዘ ሰው ሲናገር ወገቤ ሳላዘው ይታጠፋል። ሻርፗን ከአገጯ ሥር ጠበቅ አድርጌ አሰርኩላትና ወደ ክፍሏ ገፋኋት። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የሚለው ተረት ለእኔ የተተረተ መሆኑን የተረዳሁት ያን ዕለት ነው።

ሦስት ቀን ተማረች። በአራተኛው ቀን ከዴስኳ ላይ ወደቀችና ዘበኛው በጀርባው አዝሎ አመጣልኝ። ከዚያ ዘጠኝ የትምህርት ቀን ተኛች። ከክፍሏም አሥራ ስምንት ልጆች ተከታትለው ተኙ፤ ሁሉም ዳኑ። የእኔዋም ዳነች፣ ከግራ ጆሮዋ በቀር። የሆስፒታሉ ሐኪም ነርቩ ሞቷል፣ አይመለስም አለ። እነዚያን ሦስት ቀናት ቤቷ ተኝታ ቢሆን ኖሮ ጆሮዋ ይተርፍ እንደሆነ እኔ አልጠየቅሁትም። እናቷ ጠየቀችው። ይህን ማንም ሊያውቅ አይችልም ብሎ መለሰላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባለቤቴ ከእኔ ጋር የምትነጋገረው ስለ ጨውና ስለ ቤት ቁልፍ ብቻ ነው። ሐኪሙ የሰጠን ወረቀት፣ ምስጋና ይግባውና፣ ማህተሙ ጨረቃ የመሰለ ክብ ነበር፤ ነገር ግን ቀኑ የተጻፈው ልጄ ከተነሣች በኋላ ስለሆነ «ወደ ኋላ አይሠራም» ተብሎ ዘጠኙ ቀን ያለ ፈቃድ መቅረት ሆኖ ተመዘገበ።

ሦስተኛ፦ ልጄ ስትመለስ ስለ ጆሮዋ የሚያስረዳ ማመልከቻ ጽፌ በእጅዎ ሰጠሁ። በሙያዬ ካወጣኋቸው ሁሉ ያማረ ጽሑፍ ነበር። ሳያነቡት «ይታያል» ብለው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። በዚያው ሳምንት፣ የዚያ ክፍል ቀሪ መብዛቱ ስላሳፈረዎት፣ ስም መጥራቱን ከክፍሉ ኃላፊ መምህርት ተቀብለው ክቡርነትዎን ራስዎን የሚያደክም ሥራ አደረጉት። ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ይቆማሉ፤ ፊትዎን መዝገቡ ውስጥ ቀብረው ቶሎ ቶሎ ያነባሉ፤ ስም አንዴ ብቻ ይጠራል፤ ለጓደኛው «አቤት» ያለ ከጓደኛው ጋር «ቀሪ» ተብሎ ይመዘገባል። ልጄ የምትቀመጠው በቀኝ በኩል፣ መስኮቱ ሥር ነው። በሩ ያለው በግራዋ ነው። ስሟ በሞተው ጆሮዋ በኩል መጥቶ ሲያልፍ፣ እርሷ ገና ይመጣል ብላ እጆቿን ዴስኩ ላይ አነባብራ ትጠብቅ ነበር። ሰባት ጠዋት። ሰባት ጊዜ «ቀ» ብለው ጻፉባት። አጠገቧ ያሉት ልጆች አንገታቸውን ደፉ እንጂ ደንብ አልጣሱም፤ ጥሩ አድርገው አሳድገዋቸዋል።

በስምንተኛው ቀን ነገሩ ገባት። ስም መጠራት ሲጀመር ከመቀመጫዋ ተነሥታ፣ በሁለት ረድፍ መካከል አልፋ፣ እርስዎ አጠገብ ቆመችና ቀኝ ጆሮዋን ወደ አፍዎ አቀናች። ተራዋ ሲደርስ «አቤት» አለች። ያን ቀን ተገኘች። ነገር ግን ያለ ፈቃድ ከቦታዋ ስለተነሣች አግዳሚው ተፈረደባት፤ እኔም ከሥራዬ ተጠርቼ ልቀመጥ መጣሁ። አጠገቧ ተቀምጬ ምን አጥፍተሽ ነው፣ ለምን አታርፊም እያልኩ ረጅም ጊዜ ተቆጣኋት። መልስ አልሰጠችኝም። ለካስ በግራዋ በኩል ነበር የተቀመጥኩት። ዞር ብላ ከንፈሬን ስታይ ጊዜ እየተናገርኩ መሆኔን አወቀች፤ ተነሥታ በወዲያኛው ጎኔ ተቀመጠችና «አባዬ፣ ስሜንም በዚህ በኩል ነው የሚጠሩት» አለችኝ፣ ግራ ጆሮዋን በጣቷ ነካ አድርጋ። ዕድሜ ለአግዳሚዎ፣ ግማሹን ሰዓት አስቤበታለሁ።

አራተኛ፦ ዓመቱ ሲያልቅ ልጄ ከክፍሏ ሁለተኛ ወጣች፤ ዘጠኝና ሰባት አሥራ ስድስት ነውና ትድገም ተባለ። ቢሮዎ ስመጣ የክፍሉ ኃላፊ መምህርት ሳልጠራት ከኋላዬ ገባች። ሰባቱንም ጠዋት ልጅቷ በቦታዋ እንደነበረች፣ ደብተሯንም በየቀኑ ራሷ እንዳረመች መሰከረች። እርስዎ መነጽርዎን አውልቀው፣ በእርጋታ፣ ሕፃን እንደሚያስተምር ሰው እንዲህ አሉን፦

«ልጅቷ መኖሯን እኮ አልካድኩም። መዝገቡ ላይ የለችም ነው ያልኩት።»

ይግባኝ ጻፍኩ። የበላይ ቢሮው በትሕትና ተቀብሎ፣ ጉዳዩን አጣርተው እንዲወስኑ ወደ እርስዎ መራው። እርስዎም ራስዎን በሁለት ቀን ውስጥ አጣርተው ንጹሕ ሆኖ አገኙት። መምህርቷ በክረምቱ ወደ ሩቅ ትምህርት ቤት ተዛወረች፤ ስትሰናበት ልጄን አቅፋ አለቀሰች እንጂ ስለ እርስዎ ክፉ ቃል አልተነፈሰችም። የእርሷን ድርሻ እዚህ የተነፈስኩት እኔ ነኝ።

አምስተኛ ቁጥር የለኝም። ልጄን አስወጥቻለሁ። አሁን የምትማርበት ትምህርት ቤት ድረስ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው፤ አጥሩ ዘሟል፣ ደወሉም የተሰነጠቀ ነው። የተቀበሏት ሽማግሌ መምህር የነገርኳቸውን ቆመው ሰሙና፣ ሁለት ልጆች አስነሥተው ከፊት በግራ በኩል ግድግዳው ሥር አስቀመጧት፤ ክፍሉ ሁሉ በደህናው ጆሮዋ በኩል እንዲሆን። ከቦርሳዬ ባለ ክብ ማህተሙን ወረቀት አወጣሁ። «ለምኑ ነው?» አሉኝ። ወረቀቱን አጥፌ መልሼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ውጭ ወጥቼ፣ የተማረ ሰው ነኝ ባይ፣ የዘመመውን አጥር ተደግፌ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ ለአንዲት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የዓለምን ጩኸት በግማሽ ስለቀነሱላት፣ ለአባቷም የወገቡን ልክ ስላሳዩት፣ ከማይረሳ ውለታ ጋር፣ ራሴን ዝቅ፣ ደንብዎን ከፍ አድርጌ እሰናበታለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የአሥራ ስድስት ቀን ቀሪዋ አባት

ማሳሰቢያ፦ በሽታው ክፍሉን ባዳረሰበት ሰሞን እርስዎም አንገትዎ አብጦ አሥራ አንድ ቀን ከቤት እንዳልወጡ፣ በሽታው በአዋቂ ወንድ ላይ ወደ ታች መውረድ ይወዳልና ሲመለሱም እግርዎን አራርቀው ይራመዱ እንደነበር ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፤ እግዜር ይማርዎ። የሠራተኞች መፈረሚያ መዝገብ ላይ ግን አሥራ አንዱንም ቀን፣ ጠዋትም ከሰዓትም፣ በገዛ ፊርማዎ ተገኝተዋል። መዝገብ አይዋሽምና ያን ሰሞን ልጆቹ ያዩት ባዶ ወንበር እርስዎ ነበሩ ማለት ነው። ትምህርት ቤቱ እንደዚያ አሥራ አንድ ቀን በሰላም ተምሮ ስለማያውቅ፣ ቀሪ ዘመንዎንም ልክ እንደዚያው በመገኘት እንዲያገለግሉን የወላጆች ሁሉ ልመና ነው።