የሹፌሩ ክዳን

ውድ ጋሼ ቀጮ፣

በዚህ ስም ከወንድሜ በቀር የሚጠራህ እንዳልነበረ አውቃለሁ፤ ግን ሌላ ስም አልመጣልህ አለኝ። እማዬ ደህና ናት። ጉልበቷ እንጂ ምላሷ አልደከመም።

ይህን የምጽፍልህ ከታንካችሁ አጠገብ ተቀምጬ ነው። አትደንግጥ፣ ከላሜራ የሠራሁት ነው። በርና መስኮት በምበይድበት ቤት ውስጥ ከባዶ ጀምሬ፣ ከእውነተኛው አንድ አራተኛ አድርጌ ሠራሁት። አልጋ ያህላል። በር ሊያዙ የሚመጡ ደንበኞች ሲያዩት “ጎረቤት አስቸገረህ እንዴ?” ይሉኛል። የሰንሰለቱን ብረት አንድ በአንድ እየቆረጥኩ በሚስማር ስገጣጥም ጣቶቼ አለቁ። ወንድሜ የሞተበትን ቦታ በእጄ ካልዳሰስኩት ሞቱን የማምን አልመስልህ አለኝ።

መጀመሪያ መድፉን ወደ ፊት አቅንቼ ልበይደው ነበር። እማዬ እምቢ አለች። እሱ ሹፌር አንተ ተኳሽ ሳላችሁ በተነሳችሁት ፎቶ ላይ መድፉ ወደ ግራ ዘመም ብሎ ሁለታችሁ ከሥሩ ቆማችሁ ትስቃላችሁ፤ የእነሱ ሲዞር ይሄ ለምን ይገተራል ብላ ያዘችኝ። እሺ ብዬ መድፉን ከተሸከመው ጉልላት ሥር የሚሽከረከር ትልቅ ኩሽኔታ አስገባሁለት። በአንድ ጣት ሲገፉት ይዞራል።

ባለፈው ሳምንት ከሰዓት በኋላ፣ ለሹፌሩ ወንበር የሰፋቻትን ትንሽ ትራስ ይዛ መጣች። መድፉን እንደ ፎቶው አዙራ ካየችው በኋላ ሹፌሩ የሚገባበትንና የሚወጣበትን ክዳን ልትከፍት ሞከረች። አልከፈት ሲላት እኔን ጠራችኝ። ሳብ ባደርገው ከመድፉ ጋር ተጋጭቶ ቆመ።

ልኬቱን አበላሽቼ ነው ብዬ ሜትሬን አወጣሁ። ንድፉን ዘርግቼ ለካሁ፣ ደግሜ ለካሁ። በሥራዬ ስህተት እንዲገኝብኝ የተመኘሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ስህተት ሲጠፋ ንድፉን ለሰጠኝ ጡረተኛ የታንክ መካኒክ ደወልኩ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ መድፉ በዚያ በኩል ከቆመ ሹፌሩ በክዳኑ መውጣት እንደማይችል ነገረኝ። ይህን ሳያውቅ ከሥልጠና የሚወጣ ተኳሽ የለም አለኝ።

አንተ ለቅሶ ላይ የነገርከን ሌላ ነበር። ታንኩ ሲመታ ክዳኑ በፍንዳታው ተጣመመ፣ እሱም ወዲያው ነው ያለፈው አልከን። አመንንህ። ከዚያ ወዲህ ስትመጣ ውኃ እንኳ ሳትቀምስ ትነሳ ነበር፤ በኋላ ጭራሽ ቀረህ። እኛም ረሳን ብለን አማንህ።

ስልኩን ስዘጋ እማዬ ፊቴን እያየች ነበር። መዋሸት አልሆነልኝም፤ መካኒኩ ያለኝን ሁሉ ነገርኳት።

“መድፉን የሚያዞረው ማን ነው?” አለች።

“ተኳሹ” አልኳት።

ትራሱን እንዳቀፈች ተቀመጠች። በዚያች ሰዓት እፊቴ ብትቆም ምን እንደማደርግህ አላውቅም ነበር። መዶሻ አንስቼ ጉልላቱን ልነቅለው ስል “ተው” አለችኝ። ተነሳችና መድፉን በሁለት እጇ ገፍታ ከክዳኑ ላይ አሸሸችው። ክዳኑን ከፈተች፣ እጇን አስገብታ ትራሱን ወንበሩ ላይ አስተካከለች። እጇን ቶሎ አላወጣችውም።

“ይሄን ሁሉ ዓመት ብቻውን ተሸክሞት ነው?” አለች። “ጻፍለት፤ ይምጣ።”

አልጽፍም ብዬ ተኳረፍን። ምግብ ታቀርብልኛለች፣ አታናግረኝም። የሞተው የእኔም ወንድም ነው አልኳት፤ እሱማ ነው ብላ ፊቷን አዞረች። እንደምታውቃት ናት፣ አትበገርም።

እሷ ምንም አትጠይቅህም። እኔ ግን እጠይቅሃለሁ። በጉልላቱ ዘለህ ስትወጣ መድፉ የእሱ ክዳን ላይ እንደቆመ ታውቅ ነበር? ክዳኑ ተጣመመ እንዳትለኝ፣ ያን ክዳን በእጄ ሠርቼዋለሁ። ጭሱ ጋርዶኝ ነው፣ ነፍሴን ስቼ ነው ካልከኝ አምንሃለሁ። አውቅ ነበር ብትለኝም ደጄን አልዘጋብህም። ይህችን መስመር መጻፍ አቅቶኝ ነው ደብዳቤው ሳምንት ሙሉ የቆየው።

የሹፌርህ ታናሽ ወንድም